ጤፍ ሞልቶ ገብስ እንዳይነካው፦ ሴሊያክ ያለበት ሕፃን የቢቸና ቆይታ

ጉዳዩ ሴሊያክ የሚባል፣ ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚያቆስሉበት ሕመም ያለበት የሁለት ዓመት ከአራት ወር ወንድ ልጅ ነው። የተወለደው ጀርመን አገር ነው፤ እናቱና አባቱ ግን የጎጃም ልጆች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቢቸና አካባቢ ወዳሉት አያቱ፣ ወደ እናቱ እናት ቤት መጥቶ እስከ ጥር መጨረሻ ሰነበተ። እኔ ደብረ ማርቆስ የምሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። እናቱ ገና ቲኬት ሳትቆርጥ ደውላልኝ ነገሩን ከመጀመሪያው አብረን ያዝነው። የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውንና የሚታወቁበትን ነገር ትቼዋለሁ።

ለምን እጽፈዋለሁ? እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ አገር ቤት ለመምጣት ሲያስብ አንድም ሻንጣውን በታሸገ ምግብ ይሞላል፣ አንድም መምጣቱን ጭራሹን ይተወዋል። ጎጃም ግን በእህሉ ለእንዲህ ያለ ልጅ እጅግ የተመቸ አገር ነው። የሚያስቸግረው እህሉ ከአውድማ እስከ ምጣድ የሚያልፍበት መንገድና በፍቅር የሚያጎርሰው እጅ ነው። ሁለቱንም ማስተካከል የሚቻለው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ የቤቱን ጓዳ በያዘችው ሴት ነው።

ሕመሙ

ልጁ ጡት ብቻ በሚጠባበት ጊዜ ደህና ነበር። የስንዴ ገንፎና ዳቦ ከለመደ ወዲህ ሆዱ ተነፋ፣ ክንዱና ጭኑ መነመነ፣ ሰገራው ቀጠነ፣ ቀኑን ሙሉ ነጭናጫ ሆነ። ኪሎው መጨመሩን ሲያቆም ሐኪሞቹ ደሙን መርምረው በዓመት ከመንፈቁ ሴሊያክ እንዳለበት ነገሯቸው።

ብዙ ሰው «አለርጂ ነው» ይላል፤ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ፈረንጆች ራይ በሚሉት እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ በራሱ አንጀት ላይ ይነሣል። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች እየተበሉ ያልቃሉ፤ ልጁም እየበላ ይራባል፤ ብረቱም ካልሲየሙም ሳይዋሃደው ያልፋል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። በትክክል ከተተወ ደግሞ አንጀቱ ይድናል፤ ሕፃናት ላይ እንዲያውም ፈጥኖ ይድናል።

«ትንሽ ትንሽ ቢቀምስ ይለምደዋል» የሚለውን ቃል እናቱ ጀርመን ካሉ ዘመዶቿም ሰምታዋለች። አይለምደውም። ሳያለቅስና ሳያስቀምጠው የሚያልፍ ቅምሻም አንጀቱን ያቆስለዋል። ባለሙያዎች የሚሠሩበት መጠን በቀን 10 ሚሊ ግራም ግሉተን ነው፤ ከዚያ መብለጥ የለበትም። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ብቻውን 80 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። በሁለት ጣት የሚቆነጠር ዱቄት የቀኑን ልክ ያልፋል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ኮዴክስም አንድ ምግብ «ግሉተን የለውም» ተብሎ እንዲጻፍበት በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይገኝበት ይላል።

ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የጤፍ ዝርያዎች ከሴሊያክ ሕሙማን በተወሰዱ ሕዋሳት ፈትነው የሚያስቆጣ ነገር አላገኙባቸውም። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጥራጥሬው በሙሉ ነጻ ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቅንጨ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጨጨብሳ፣ ጭኮ፣ ስንዴ የገባበት ንፍሮ አይሆኑም። አጃ የሚባለውንም፣ የስንዴ ዘመዱንም የውጭ አገሩንም፣ ከዝርዝሩ አውጥተነዋል። ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ የሚያመርቱት ቢቸናና ደጀን ያለ ጤፍ የሚያድር ቤት የላቸውም፤ ልጁ የሚመጣው ወደዚያ ነው።

ሻንጣው

እናቱ ለቆይታው በሙሉ የሚበቃ ግሉተን የሌለው ዳቦ፣ ፓስታና ብስኩት ይዛ ልትመጣ ነበር። ለመንገድ የሚሆነውንና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጥቂት ብቻ እንድትይዝ መከርኳት። አብዛኛው የታሸገ ዳቦ የሩዝና የበቆሎ ስታርች ነው፤ ስብና ስኳር በርከት ይልበታል፣ ብረትና አሠር ያንሰዋል። ሆዱ ገና እያገገመ ያለ ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው የሚገነባው ምግብ ነው። ጤፍ ባለበት አገር በስታርች ዳቦ መሰንበት ለእኔ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

ለአውሮፕላኑ ግሉተን የሌለው ምግብ አስቀድማ አዘዘች። አየር መንገዶች ይህን በአብዛኛው ከበረራው ከ24 እስከ 48 ሰዓት በፊት ይጠይቃሉ። ለአንድ መንገደኛ የሚመዘገበው አንድ ዓይነት ልዩ ምግብ ብቻ ስለሆነ «የልጆች ምግብ» የሚለውን ትታ ግሉተን የሌለውን መረጠች። ያም ሆኖ ልጁ የበላው ከእናቱ ቦርሳ ነው፤ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ቤቷ የጋገረችው የጤፍ ቂጣ። የሕፃን ምግብና ወተት በአውሮፓ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ውጪ ነው፤ ፍተሻው ላይ አውጥቶ ማሳየት ይበቃል። የሐኪሙን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ እኔ የጻፍኩላትን አጭር ወረቀት ደግሞ በአማርኛ ያዘች። የአማርኛው እንዲህ ይላል፦

«ይህ ሕፃን የአንጀት ሕመም አለበት። ስንዴ፣ ገብስና አጃ፣ ጥቂትም ብትሆን፣ አንጀቱን ያቆስሉታል። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ፓስታ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጥብስ አይበላም። ንጹሕ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ጥራጥሬ ይበላል። እባክዎ ድስቱና ማንኪያው በደንብ የታጠበ ይሁን።»

ከአዲስ አበባ በመኪና ዓባይ በረሃን ወርደው፣ ደጀን ወጥተው ቢቸና እስኪገቡ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ምንም አልሰጠችውም። የምግብ ቤት እንጀራ ምን ዱቄት እንደተቀላቀለበት አስተናጋጁም አያውቅም። ሩዝና ስንዴ የሚደባልቅ ጋጋሪ ብዙ ነው።

ጓዳው

ከመምጣታቸው በፊት አያቱን በስልክ አገኘኋቸው። ስንዴ አይስማማውም የሚለውን ወዲያው ተቀበሉኝ፤ «እሺ፣ ዳቦ አንሰጠውም፤ እንጀራ ሞልቶ!» አሉ። ስለ ወፍጮውና ስለ እርሾው ሳነሣባቸው ግን፣ «ያቺን ታህል ነገር ምን ታደርገዋለች ልጄ?» አሉኝ። ሚሊ ግራም ብላቸው ምንም ማለት አልነበረም። በመጨረሻ፣ «እማማ፣ ለዚህ ልጅ ስንዴና ገብስ ማለት በጾም ቀን ቅቤ ማለት ነው» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንግዲያ ዕቃው ሁሉ ይለያል በዪኛ! ማማሰያውም፣ ጨርቁም፣ እጅም ይታጠባል!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የማስረዳው ብዙ አልቀረኝም። ቅቤ የነካው ድስት ለጾም እንደማይጣድ፣ በፍስክ ማማሰያ የጾም ወጥ እንደማይማሰል፣ ዓይን የማያየው ቅሪትም ከቁም ነገር እንደሚቆጠር እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምረው የኖሩበት ሥርዓት ነው። ጊዜው ደግሞ ጾመ ነቢያት ስለነበር የጾሙ ዕቃ ቀድሞም ተለይቶ ነበር። የልጁ ድስት ሦስተኛ ሆነ፤ ልጁ ከሰባት ዓመት በታች ስለሆነ አይጾምም፣ ግን ስንዴም ገብስም አይነካውም። ትንሽ ብረት ድስት፣ አንድ ማማሰያ፣ ሁለት ሳህን፣ ማንኪያና ቢላ ከሌላው ዕቃ ተለይተው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። የጎረቤት ሴት ልታማስልላቸው ማማሰያውን ስታነሣ «ተዪው፣ የልጄ ነው» ይሏት ነበር።

ጤፉ የራሳቸው ማሳ ነው። ግን ጤፍ ብቻውን አይኖርም፤ አውድማው ላይ ገብስ ተወቅቶ ይሆናል፣ ጆንያው ስንዴ ይዞ ይሆናል። እዚህ ላይ የፍሬው ማነስ ራሱ ረዳን። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ በቀጭን ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ከታች ይወርድና ገብሱና ስንዴው ከላይ ይቀራል። ሁለቴ ነፍተው፣ በሰፌድ አበጥረው፣ በአዲስ ጆንያ ከተቱት። የእናቱ ታናሽ እህት ወንፊቱ ላይ የቀረውን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ ከገለባውና ከአፈሩ መካከል የገብስ ፍሬዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ያንን ፎቶ ዛሬም ለሌሎች እናቶች አሳያለሁ።

ወፍጮው ከሁሉ የከበደው ነበር። በአቅራቢያቸው ያለው ወፍጮ ቤት ሁለት ድንጋይ አለው፤ አንደኛው በአብዛኛው ጤፍ ይፈጭበታል፣ ግን ገበያ ቀን ወረፋ ሲበዛ ገብስም ስንዴም ይገባበታል። በድንጋዩ መካከልና በመውረጃው ላይ የቀደመው ሰው ዱቄት ይቀራል። አያቱ ገበያ ባልሆነ ቀን በማለዳ ሄደው ወፍጮው ተጠርጎ ከራሳቸው ጤፍ ጥቂት ኪሎ መጀመሪያ አስፈጩ። ያ ወፍጮውን ያጠበው ዱቄት ለቤቱ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ከእሱ ተከትሎ የወረደው ለልጁ ተያዘ። ዳጉሳውም እንዲሁ ተለቅሞና ተነፍቶ በዚያው ቀን ከጤፉ ቀጥሎ ተፈጨ። ፈጪው «ለበሽተኛ ነው» ሲባል ሌላ ሳይጠይቅ ረድቷቸዋል።

ሽሮውን ወፍጮ ቤት ላለመላክ ወሰንን። የሽሮ ወፍጮ ሁሉንም ዓይነት እህል ያስተናግዳል፤ ስለዚህ ልጁ ሽሮ ሳይሆን ክክ በላ፤ የምስር ክክ፣ የአተር ክክ፣ ተለቅሞ። ምስር የለቀመ ሰው ያውቃል፤ በየጣሳው የስንዴ ፍሬ አይጠፋበትም። ለቅሞ አጥቦ ማብሰል ለዚህ ልጅ ከወፍጮ ይልቅ የታመነ ነው።

እርሾን ከጎረቤት መዋስ የተለመደ ነው። የጎረቤት ሊጥ ግን ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት ሊሆን ይችላል። አያቱ ከዚያው ከልጁ ዱቄት ላይ በጥብጠው፣ ከድነው አስቀምጠው አዲስ እርሾ አወጡ። የመጀመሪያው ቡኮ ጥሩ ዓይን አላወጣም፣ ሁለተኛው አማረ። አብሲቱም ከራሱ ሊጥ ተጣለ። ምጣዱ አዲስ ተገዝቶ በጎመን ዘር ተሟሸ፤ መወልወያ ጨርቁም አዲስ ሆነ። የሸክላ ምጣድ ዕድሜ ልኩን የተጋገረበትን ይመጥጣልና አሮጌውን ማጠብ አይበቃም። ይህ ሁሉ ዕቃ ተደምሮ ከአንድ ሻንጣ የታሸገ ምግብ ያነሰ ነው የፈጀው።

ምን በላ

ጠዋት የጤፍና የዳጉሳ ገንፎ በወተትና በጥቂት ንጥር ቅቤ፣ ወይም እንቁላል። ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ አጥንቱ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምሳና ራት እንጀራ በክክ አልጫ፣ የሀበሻ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፣ ድንች፣ ከገና በኋላ ደግሞ የዶሮና የበግ ሥጋ በደንብ በስሎና ደቆ። መካከል ላይ ሙዝና ብርቱካን። ብርቱካኑ እንዲሁ አልተመረጠም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ከጤፍና ከምስር የሚገኘውን ብረት አንጀት በተሻለ እንዲወስደው ያደርጋል። ሊጡ በደንብ መብላላቱም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ለልጁ የተጣደፈ አፍለኛ እንጀራ እንዳይሰጠው ብያለሁ። ጨው አዮዲን ያለበት፣ በርበሬ ምንም።

ወተት ሁልጊዜ ተፈልቶ። እርጎና ለጋ ቅቤ ከጥሬ ወተት ስለሚወጡ ተከለከሉ፤ ከጥሬ ወተት የሚመጣው ሕመም ከሴሊያኩ ባላነሰ ያሳስበኛል። ማር ዓመት ለሞላው ልጅ ችግር የለውም፤ ትንሽ ቀምሷል። ቆሎ የገብስ ባይሆንም፣ ሽምብራም ኦቾሎኒም፣ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር አልተፈቀደም።

የሚያጎርሰው እጅ

ጓዳው በሳምንት ውስጥ ተስተካከለ። ሰዉን ማስተካከል ግን እስከ መጨረሻው ቀን የዘለቀ ሥራ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ የልጅ ልጅ ሊያይ የሚመጣ ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ድፎ ዳቦ ይይዛል። ያጎርሰዋልም፤ «አፈር ስሆን! በሞቴ!» እያለ። እምቢ ማለት ለእናቱ ከባድ ነው፤ «ውጭ ሄዳ ኮራች» የሚያሰኝ ነገር ነው።

መፍትሔውን ያመጡት አያቱ ናቸው። ለዘመድ ሁሉ «ለእሱ የመጣ ሁሉ በእኔ እጅ ይግባ፤ የማጎርሰው እኔ ነኝ» አሉ። እንግዳው ያመጣውን ተቀብለው መርቀው ያስቀምጡታል፣ ለልጁ ደግሞ ከራሱ መሶብ ያወጣሉ። ስጦታው አልተመለሰም፣ ሰውም አልተከፋ። እናቲቱ «አይበላም» ብላ ብትናገር ክርክር ይነሣ ነበር፤ አያት ሲናገሩ ግን ክርክር የለም። የውጭ መመሪያዎች ወላጅ ለልጁ «ጠበቃ ይሁን» ይላሉ። እኛ አገር ጠበቃዋ አያት ብትሆን የበለጠ ይሰምራል፤ ይህን ከዚህ ቤት በኋላ ለማገኘው ቤተሰብ ሁሉ የምለው ነው።

ሌላው የቡና ሰዓት ነው። የገብስ ቆሎ ምንጣፍ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሕፃን ደግሞ መሬት ላይ ያገኘውን ወደ አፉ ነው። ልጁ እዚያ ቤት እስካለ ድረስ የቡና ቁርሱ የተቀቀለ ድንች ወይም የጤፍ ቂጣ ሆነ። ሌላ ቤት ለቡና ሲጠሩ ታዝሎ ይቆያል።

ጥር 21 ቀን የአስተርእዮ ማርያም ዝክር በቤታቸው ነበር፤ እኔም ተገኝቻለሁ። በአንድ ወገን ትልቁ ድፎ፣ ራቅ ብሎ በአዲስ ሰፌድ ላይ የጤፍ ቂጣ ተቀምጧል። ቄሱ ሁለቱን ባረኩ። ድፎውን ቆርሰው ለልጆቹ ማደል ሲጀምሩ ልጁም እንደ እኩዮቹ እጁን ዘረጋ፤ አያቱም ቀድመው በታጠበ እጃቸው ከቂጣው ቆርሰው ሰጡት። እኩል ጸበል ጻዲቅ ቀመሰ። ቄሱ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበርና አልተደናገሩም። የቅዱስ ቁርባኑን ነገር እናቱ ከንስሐ አባቷ ጋር ጨርሳ ነው የመጣችው፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም።

ሠርግም ነበር፤ ጥር አይደል። ዳስ ውስጥ ማንም ጓዳውን መቆጣጠር አይችልም። ለልጁ ምግቡ በአገልግል ታስሮ ሄደ። አገልግሉ አዲስ ነበር፤ ውስጡም በታጠበ ነጠላ ተሸፈነ። በአገልግል የተያዘ ስንቅ ማንንም አያስገርምም፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። በፕላስቲክ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ግን አሥር ጥያቄ ያስነሣ ነበር።

ያመመው ጊዜ

ከጥምቀት በኋላ ልጁን አስቀመጠው፤ ውሃ መሳይ፣ ትኩሳትና ደም የሌለው። ቤቱ በሙሉ «ማን ምን አቀመሰው?» የሚል ፍለጋ ጀመረ። እናቱ ስትደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋም ይኸው ነበር። ፍለጋው እንዲቆይ ነገርኳት። ሴሊያክ ያለበት ልጅም እንደማንኛውም ልጅ ከውሃና ከዝንብ በሚመጣ ተቅማጥ ይያዛል፤ ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነው። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት፣ በአንድ ሊትር ተፈልቶ በበረደ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን። ምግቡ አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ደም ካየች ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም።

ልጁ መጠጣቱን ሲቀጥል ወደ ፍለጋው ተመለስን። ሁለት ነገር ተገኘ። ለበዓሉ ልትረዳ የመጣች ዘመድ የእንግዶቹን ወጥ ያማሰለችበትን ማማሰያ የልጁ ድስት ውስጥ አስገብታ ነበር። ውሃው ደግሞ ገና አረፋ ሲያወጣ ከእሳት ይወርድ ነበር። ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ እንዲህ ባለ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳቱ ላይ መቆየት አለበት። ሁለቱም ታረሙ። በሦስተኛው ቀን ሰገራው ጠጠረ፤ ዚንኩን ግን እስከ መጨረሻው እንዲወስድ አደረግን።

ባሕር ዳር

ሊሰናበቱ ሲሉ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ሄደው ነበር። የጣና ዓሣ ለልጁ ጥሩ ምግብ ነው፤ አዘገጃጀቱን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮተሌት በዳቦ ፍርፋሪ ይለበጣል፤ ጥብሱም ላይ ብዙ ቦታ ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ ዱቄት ባይነሰነስ እንኳ ኮተሌቱ የተጠበሰበት ዘይት ነው። እናቱ የአማርኛውን ወረቀት ለአብሳይዋ ሰጥታ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በንጹሕ ድስት ከድንችና ከቲማቲም ጋር እንዲቀቀል ጠየቀች። አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች አወጣች። ልጁ ከዚያ ቀን በፊት ዓሣ አይወድም ነበር፤ ያን ቀን ሳህኑን ጨረሰ። ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ነግሬያት ነበር፤ ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ።

ሲመለሱ

አያቱ ንጥር ቅቤና ቋንታ ሊያስሩ ተነሡ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ ስለማይፈቅድ ሁለቱም ቀሩ። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ እሱ ታሰረ። ከልጁ ሊጥ በተጋገረ እንጀራ የተሠራ ድርቆሽም ብዙ ተያዘ፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ጀርመን ሲገቡ በክክ ወጥ ይፈተፈታል።

ሲመጣ በተመዘነበት ሚዛን ላይ ሲሄድ ተመዝኖ፣ ተቅማጡ እያለም፣ ጨምሮ ተገኘ። ጀርመን በቀጠሮው ቀን በተወሰደው የደም ምርመራ ሰውነቱ ግሉተን እንዳገኘ የሚያሳየው መጠን ካለፈው ጊዜ ወርዶ ነበር። ሐኪሟ ስለ ጉዞው ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እዚያ ምን በላ?» የሚል እንደነበር እናቱ ጽፋልኛለች።

ምጣዱ፣ ድስቱና ጆንያው አያቱ ቤት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ ያሰቡት መስከረምን ነው። ያኔ የበቆሎ እሸት ይደርሳል፤ ፍሬው ተፈልፍሎና ደቆ ለልጁ ይሆናል። የገብስ እሸት ግን ከቆሎው አይለይም፤ ጥቅምት ድረስ የሚቆዩ ከሆነ የጎረቤት ልጆች እሸት ይዘው እንዳይመጡ አያቱ ከአሁኑ መናገር ጀምረዋል። እርሾውም እነሱ ከመድረሳቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጣላል፤ ሁለተኛው ቡኮ እንዲደርስላቸው።